ምዕራፍ 7፦ ጉበት አይጾምም

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በፋርጣ፣ በጋይንት፣ በእስቴና በስማዳ መንደሮች በእነዚህ ሳምንታት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከማዕድ ይርቃሉ። ወጡ የሚሠራው በኑግ ዘይት ነው፤ ተልባ ፍትፍት፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ ሽሮና ክክ ይፈራረቃሉ። ረቡዕና ዓርቡ፣ ጾመ ነቢያቱ፣ የሐዋርያቱ ጾምና ፍልሰታው ሲደመሩ አንድ አጥባቂ ምእመን የዓመቱን ግማሽ ያህል ከእንስሳት ተዋጽኦ ርቆ ያሳልፋል። ካህናትና መነኮሳት ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። ከደብረ ታቦር ከተማ ጋር ስሙን የሚጋራው የነሐሴ 13 በዓል እንኳ የሚውለው ፍልሰታ ውስጥ ነው፤ ለቡሄ ጨፋሪዎች የሚታደለው ሙልሙል የጾም ዳቦ ነው።

ከምንበላው ውስጥ ኮሌስትሮል ያለው የእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ነው። በኑግ፣ በሽምብራና በጤፍ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። እንግዲህ አንድ ጾመኛ በሆሳዕና ሰሞን ደሙን ቢያስመረምር ምን ይገኛል? ሰባት ሳምንት ሙሉ ከውጭ ምንም አልገባም። ሆኖም የምርመራው ወረቀት ባዶ ሆኖ አይመጣም። ቁጥሩ ረጅም ጾም ከሌለበት ከጥቅምቱ ዝቅ ይል ይሆናል፤ ቢሆንም በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ከ100 ሚሊግራም በላይ ኮሌስትሮል ማየት የተለመደ ነው።

ይህ ኮሌስትሮል ከየት መጣ? ማን ሠራው፣ ማን ተሸከመው፣ የት ተራገፈ? ብዙ ሰው ስለ ኮሌስትሮል ሲያስብ የሚያስበው ስለ ሳህኑ ነው። ከሳህኑ ይልቅ ጉበት ምን ያህል ይወስናል የሚለው ጥያቄ የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ነው።

ከውስጥ የሚሠራው

በአራተኛው ምዕራፍ የሕዋስ ሽፋን በአብዛኛው ከስብ እንደሚሠራ አይተን ነበር። ያ ሽፋን በጣም እንዳይላላም በጣም እንዳይደርቅም ልኩን የሚጠብቅለት ኮሌስትሮል ነው። ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞንም፣ የወንድና የሴት ሆርሞኖችም የሚሠሩት ከእሱ ነው። ቆዳ ፀሐይ ሲያገኝ ወደ ቫይታሚን ዲ የሚለውጠው ንጥረ ነገር የኮሌስትሮል የቅርብ ዘመድ ነው። አንጎል ከሰውነት ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ከሰውነት ኮሌስትሮል አንድ አምስተኛ ያህሉን ይዟል፤ ይህንንም ራሱ ይሠራዋል፤ በደም የሚዘዋወረው ወደ አንጎል አያልፍም።

እንዲህ አጥብቆ የሚፈለግ ነገር ላም በመታለቧና ባለመታለቧ ላይ ሊመሠረት አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሕዋስ ማለት ይቻላል ኮሌስትሮል መሥራት ይችላል። ጥሬ ዕቃው እንጀራውም፣ ሽሮውም፣ ዘይቱም በሰውነት ውስጥ ሲፈጩ የሚገኝ ባለሁለት ካርቦን ትንሽ ቁራጭ ነው። ይህን ቁራጭ ወደ ኮሌስትሮል ለማድረስ 30 ያህል ደረጃዎች ያስፈልጋሉ። ኮንራድ ብሎክና ፌዮዶር ሊነን የተባሉ ሳይንቲስቶች ይህን ሥራ ደረጃ በደረጃ በመግለጣቸው በ1964 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

አንድ አዋቂ ሰው በቀን 1 ግራም ያህል ኮሌስትሮል ይሠራል። አንድ እንቁላል 200 ሚሊግራም ያህል ስላለው፣ በሁዳዴ መካከል ያለ ጾመኛ ሰውነት በየቀኑ አምስት እንቁላል የሚያህል ኮሌስትሮል ለራሱ ያዘጋጃል ማለት ነው።

ደረጃዎቹ 30 ቢሆኑም ፍጥነቱን የሚወስነው አንዱ ነው። በዚያ ደረጃ ላይ የሚሠራ ኤንዛይም፣ ማለትም የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ አለ። በሕዋሱ ውስጥ ኮሌስትሮል ሲበዛ ይህ ኤንዛይም ይቀንሳል፤ ሲጎድል ይበዛል። ቅበላ አልፎ ጾሙ ሲገባ ጉበት የጎደለውን ለመሙላት ምርቱን ከፍ ያደርጋል። በፋሲካ ዶሮው፣ እንቁላሉና ቅቤው ሲመጣ መልሶ ዝቅ ያደርጋል። ማንም ሳያዝዘው ዓመት እስከ ዓመት ይህን ሲያደርግ ይኖራል።

ከወረታ እስከ ነፋስ መውጫ

ከወረታ የሚነሣው መንገድ በዓለም በር አልፎ ደብረ ታቦር ይወጣል። ከዚያም የጉና ተራራን ትከሻ ይዞ በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ነፋስ መውጫ ይቀጥላል። የፎገራን ሩዝ፣ የፋርጣን ድንች፣ ሲሚንቶና ዘይት የጫኑ አይሱዙዎች በዚህ መንገድ ሲመላለሱ ይውላሉ። የኮሌስትሮልን ጉዞ ለመረዳት ከዚህ መንገድ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ እስከ ምዕራፉ መጨረሻም አልለየውም።

ደም በአብዛኛው ውኃ ነው፤ ስብና ውኃ ደግሞ አይዋሐዱም። ኮሌስትሮል ብቻውን ደም ውስጥ ቢለቀቅ ይጓጉላል። ስለዚህ የሚሄደው ተጭኖ ነው። ጭነቱ መሐል ላይ ይሆናል፤ ዙሪያውን ከውኃ ጋር የሚስማማ ስስ ሽፋን ያለብሰዋል፤ በላዩ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ፕሮቲን ይለጠፋል። ይህ ፕሮቲን የመኪናው ታርጋ ነው። መኪናው ከየት እንደተነሣና የት መራገፍ እንዳለበት የሚታወቀው በእሱ ነው።

ከምግብ የመጣውን ስብ የሚጭኑት ትልልቆቹ መኪኖች ካይሎማይክሮን ይባላሉ። ከቀጭን አንጀት ተነሥተው በቀጥታ ወደ ደም አይገቡም፤ ሊምፍ በሚባለው ሌላ የፈሳሽ መተላለፊያ ተጉዘው አንገት ሥር ካለው ትልቅ የደም ሥር ይቀላቀላሉ። እነዚህን በዓይን ማየት ይቻላል። አንድ ሰው ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ በልቶ ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ደሙ ቢቀዳና ብልቃጡ በሴንትሪፉጅ ቢሽከረከር ቀዩ ክፍል ወደ ታች ይወርዳል። በላዩ የሚቀረው ፈሳሽ ሌላ ጊዜ ጥርት ያለ ቢጫ ነው፤ ከዚያ ማዕድ በኋላ ግን ደፍርሶ ነጣ ይላል። ስብ በደማቸው እጅግ በሚበዛባቸው ሰዎች ላይ ጭራሽ ወተት ይመስላል። የላቦራቶሪ ባለሙያዎች «ሳትበሉ ኑ» የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጉበትም የራሱን መኪኖች ይልካል። ሲነሡ ትልልቅ ናቸው፤ ስባቸውን ለጡንቻና ለስብ ሕዋሳት እያራገፉ ሲሄዱ እየቀነሱ ይመጣሉ። በመጨረሻ የሚቀረው ከሌላው ስብ ይልቅ ኮሌስትሮል የበዛበት ትንሽ መኪና ነው። ኤል ዲ ኤል የሚባለው ይህ ነው። አንዱ ብቻ ከ1500 በላይ የኮሌስትሮል ሞለኪውል ይጭናል። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድም አለ፤ ከሕዋሳት የተረፈውን ኮሌስትሮል እየለቀመ ወደ ጉበት የሚመልሰው ኤች ዲ ኤል ይባላል። ሰው «መጥፎ ኮሌስትሮል» እና «ጥሩ ኮሌስትሮል» እያለ የሚጠራቸው እነዚህ ሁለቱን ነው። በውስጣቸው ያለው ኮሌስትሮል አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያየው መኪናውና አቅጣጫው ነው።

እንግዲህ የደም ምርመራው ምን እንደሚቆጥር እናስተውል። ክምር ድንጋይ ላይ ቆሞ የሚያልፉትን የጭነት መኪኖች የሚቆጥር ሰው ነው። በየመጋዘኑ ስንት ኩንታል እንዳለ አያውቅም። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ካለው ከ100 ግራም በላይ ኮሌስትሮል አብዛኛው የሚገኘው በሕዋሳት ውስጥ ነው፤ በደም የሚዘዋወረው ትንሹ ክፍል ነው። ቆጣሪው ዛሬ መኪናው በዝቷል ቢል ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ወይ ከወረታ ብዙ ተልኳል፣ ወይ ነፋስ መውጫ ላይ የሚያራግፍ ሰው ጠፍቶ መኪናው መንገድ ላይ ተሰልፏል።

አውራጅ ሲጠፋ

ይህን ሁለተኛውን ትርጉም ለዓለም ያሳዩት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስቲን ናቸው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቴክሳስ ውስጥ ዳላስ ከተማ ሲሠሩ፣ በልጅነታቸው የልብ ሕመም የሚይዛቸው፣ የደም ኮሌስትሮላቸው ከጤነኛ ሰው ብዙ እጥፍ የሆነ ሕፃናትን ጉዳይ ያዙ። ከሕፃናቱ ቆዳ ሕዋስ ወስደው በብልቃጥ አሳደጉ፤ ከጤነኛ ሰው የተወሰደ ሕዋስንም እንዲሁ። ለጤነኛው ሕዋስ ኤል ዲ ኤል ሲሰጡት ወደ ውስጥ ያስገባና የራሱን ምርት ያቆማል። የታመሙት ሕፃናት ሕዋስ ግን ኤል ዲ ኤሉ አጠገቡ ተከማችቶ እያለ አላየውም፤ ማምረቱንም ቀጠለ።

የጎደለው በሕዋሱ ገጽ ላይ የሚቀመጥ አንድ ፕሮቲን ነበር። ታርጋውን ዐውቆ መኪናውን የሚይዝ፣ ጭነቱን ወደ ውስጥ የሚያስገባ፣ በ10 ደቂቃ ያህል ውስጥም ተመልሶ ሌላ ለመቀበል የሚቆም ተቀባይ። በመኪና ተራ ቋንቋ አውራጅ እንበለው። ከኤል ዲ ኤል አብዛኛውን የሚያራግፉት ጉበት ላይ ያሉት አውራጆች ናቸው። ብራውንና ጎልድስቲን በ1985 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለሙ፤ ለእኔ ከዘመናዊው ሕክምና ግኝቶች መካከል ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ይህን ያህል ብዙ ነገር የፈታ ጥቂት ነው።

ጉበት ኮሌስትሮል ሲያጥረው በአንድ ትእዛዝ ሁለት ነገር ያደርጋል። የራሱን ምርት ይጨምራል፤ ብዙ አውራጅም ወደ መንገድ ያወጣል። ሲጠግብ ሁለቱንም ይቀንሳል። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው ኤል ዲ ኤል በአብዛኛው የሚወሰነው ስንት አውራጅ በሥራ ላይ ነው በሚለው ነው። በጤነኛ ሰው አንድ ኤል ዲ ኤል ሁለት ሦስት ቀን ያህል ተዘዋውሮ ይራገፋል። አውራጅ ሲያንስ ብዙ ይቆያል፤ የቆየው ደግሞ የደም ሥርን ግድግዳ ሾልኮ ይገባል፤ እዚያ ይበላሻል፤ የሰውነት መቆጣት ይቀሰቅሳል፤ ዓመታት ሲያልፉ ግድግዳው ይወፍራል፣ መንገዱ ይጠብባል።

የአውራጁን ጂን ከአንድ ወላጅ ተበላሽቶ የሚወርሱ ሰዎች በዓለም ላይ ከ300 ሰው አንድ ያህል ናቸው። ኤል ዲ ኤላቸው የሌላው ሰው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቢጾሙም ባይጾሙም፣ ቀጭን ቢሆኑም ወፍራም ይህ አይቀርላቸውም። ከሁለቱም ወላጆች የሚወርሱት በጣም ጥቂት ሲሆኑ ያለ ሕክምና 20 ዓመት ሳይሞላቸው ልባቸው ሊታመም ይችላል።

በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፈረንሳይና የካናዳ ተመራማሪዎች አውራጆችን ከሥራ የሚያሰናብት ሌላ ፕሮቲን እንዳለ አሳዩ። ስሙ ፒሲኤስኬ9 ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳመለከተው ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል ከመቶ ሦስት ገደማ የሚሆኑት ይህ ፕሮቲን በተፈጥሮ የተጓደለባቸው ናቸው። አሰናባቹ ስለጎደለ አውራጆቻቸው ብዙ ናቸው፤ ኤል ዲ ኤላቸው ከሌሎቹ በ28 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር፤ በልብ ደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ደግሞ በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ዕድሜ ልክ አውራጅ ሳይጎድልበት የኖረ መንገድ ምን እንደሚመስል ያየነው በእነዚህ ሰዎች ነው።

ኑጉ በር ላይ ይመለሳል

አሁን ወደ ሁዳዴው ማዕድ እንመለስ። ኑግ የኢትዮጵያ ደጋ የራሱ ዘር ነው፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ የደቡብ ጎንደርን ማሳ ቢጫ የሚያለብሰው እሱ ነው። በዘይቱ ውስጥ ኮሌስትሮል የለም። ነገር ግን ዕፅዋትም ሕዋሳቸውን ልክ የሚያስይዙበት የራሳቸው ነገር ያስፈልጋቸዋል፤ ያም የዕፅዋት ስቴሮል ይባላል። ኑግ፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥ፣ ባቄላና ጤፍ ሁሉ አላቸው። ዋናው ሲቶስቴሮል ነው። ከኮሌስትሮል ጋር ሲተያይ አካሉ ያው ነው፤ ኮሌስትሮል 27 ካርቦን ሲኖረው ሲቶስቴሮል 29 አለው፤ ልዩነቱ ጅራቱ ላይ የተጨመሩት ሁለቱ ናቸው። ካምፔስቴሮል የሚባለው ሌላው ደግሞ አንድ ብቻ ይጨምራል።

ሁለት ካርቦን ምን ያመጣል ይባል ይሆናል። ሰውነት ግን ይለያል። ከምንበላው ኮሌስትሮል ግማሽ ያህሉ ወደ ውስጥ ሲገባ ከሲቶስቴሮል የሚቀረው ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም። ሁለቱም በአንድ በር ወደ አንጀት ግድግዳ ሕዋስ ይገባሉ። ኮሌስትሮሉ ፈጥኖ ለጭነት ይዘጋጅና ካይሎማይክሮን ላይ ይወጣል። የዕፅዋቱ ስቴሮል ለጭነት በቀላሉ አይዘጋጅም፤ መኪናው ሳይወስደው ይቀራል። ያን ጊዜ ኤቢሲጂ5 እና ኤቢሲጂ8 የተባሉ ጥንድ ፕሮቲኖች ይዘው ወደ አንጀቱ ይመልሱታል። አምልጦ ጉበት የደረሰውንም እዚያ ያሉት ተመሳሳይ ጥንዶች ከሐሞት ጋር ያስወጡታል። አንድ ጊዜ በበር፣ ሁለተኛ ጊዜ በመጋዘን ይፈተሻል ማለት ነው።

ይህ ፍተሻ መኖሩን ያወቅነው በሌለባቸው ሰዎች ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ባታቻርያና ኮነር የተባሉ ተመራማሪዎች ጅማታቸው ላይ የስብ እብጠት የወጣባቸውን ሁለት እኅትማማቾች መረመሩ። እብጠቱ ኮሌስትሮላቸው እጅግ ከፍ ባለ ሰዎች ላይ የሚታየው ዓይነት ነበር። በደማቸው የተገኘው ግን የዕፅዋት ስቴሮል ነበር። እነዚህ ሰዎች የሚበሉትን ስቴሮል መልሰው ማስወጣት አይችሉም። ጥፋቱ ከሁለቱ ጥንድ ፕሮቲኖች በአንዱ ጂን ላይ መሆኑ የታወቀው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው በዘይት የተሞላ የጾም ማዕድ ደህና ምግብ አይሆንም። ሕመሙ እጅግ ብርቅ ነው፤ ሆኖም ሌሎቻችን በየቀኑ ሳናውቀው ስለሚደረግልን ጥበቃ ይህን ያህል ያስተማረን የለም።

ለሌሎቻችን ኑጉ በር ላይ መመለሱ ራሱ ጥቅም አለው። በስድስተኛው ምዕራፍ ሐሞት ስቡን በጥቃቅን ጠብታዎች ከፋፍሎ ወደ አንጀት ግድግዳ እንደሚያደርሰው አይተናል። በእነዚያ ጠብታዎች ላይ ያለው ቦታ ውሱን ነው፤ የዕፅዋት ስቴሮልና ኮሌስትሮል ይሻሙበታል። ቦታ ያጣው ኮሌስትሮል ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። የሚሻማው ደግሞ ከምግብ የመጣው ብቻ አይደለም፤ ጉበት ራሱ በሐሞት አድርጎ በቀን 1 ግራም ያህል ኮሌስትሮል ወደ አንጀት ያፈሳል። ስለዚህ ቅቤ ባልተበላበት ቀንም ሽሚያው አለ። በቀን 2 ግራም ስቴሮል የሚወስድ ሰው ኤል ዲ ኤሉ ከመቶ 8 እስከ 10 ያህል እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ፊንላንድ ውስጥ በ1995 እ.ኤ.አ. በዚህ ሐሳብ የተሠራ የዳቦ ቅቤ ገበያ ላይ ውሏል። ከተራ ማዕድ የሚገኘው ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ በጥቂት መቶ ሚሊግራም የሚቆጠር ነው። ኑግ መድኃኒት ነው የሚል ሰው ቢያጋጥመን ዘይቱ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ያን ያህል አይደለም ማለት አለብን።

በሩ ከሰው ሰው ይለያያል። በ1991 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ሐኪም በቀን 25 እንቁላል የሚበሉ የ88 ዓመት አዛውንት የደም ኮሌስትሮላቸው ጤነኛ መሆኑን ዘገበ። ሲመረመሩ አንጀታቸው ከሚበሉት ኮሌስትሮል የሚያስገባው ከመቶ 18 ብቻ ነበር፤ ጉበታቸውም ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት የሚለውጠው በእጥፍ ነበር። እሳቸውን አይቶ እንቁላል ምንም አያደርግም ማለት ስሕተት ነው፤ ከሌላው ሰው የተለየ በር የነበራቸው ሰው ናቸው።

የጉና ገብስ

ከላይ ሐሞት ስል አንድ ነገር ዘልያለሁ። ኮሌስትሮልን ሰውነት ሊያቃጥለው አይችልም፤ እንደ ስኳር ወይም እንደ ሌላው ስብ ተቃጥሎ ኃይል አይሆንም። ዋናው መውጫው በሐሞት በኩል ነው። ጉበት በቀን ግማሽ ግራም ያህሉን ወደ ሐሞት አሲድ ይለውጠዋል። ሐሞት አሲዱ ስቡን ካሟሟ በኋላ ከመቶ 95 ያህሉ ከቀጭኑ አንጀት ጫፍ ላይ ተለቅሞ ወደ ጉበት ይመለሳል፤ እንደገና ይሠራበታል።

የጉና ተዳፋት ላይ የሚበቅለው ገብስ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል በአንጀት ውስጥ የሚያሟልግ አሰር አለው፤ በሶ ሲበጠበጥ የሚሰማው ውፍረትም በከፊል ከእሱ ነው። ይህ አሰር ሐሞት አሲዱን ይዞ ወደ ውጭ ይወስደዋል። ሐሞት የጎደለበት ጉበት አዲስ ለመሥራት ኮሌስትሮል ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ተጨማሪ አውራጆችን መንገድ ላይ ያቆማል፤ ኤል ዲ ኤል ከደም ይራገፋል። በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ኤል ዲ ኤልን በመቶኛ ጥቂት ነጥቦች እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ቆሎ፣ ቂንጬ፣ በሶና የገብስ እንጀራ በሚበላበት አገር ይህ የዕለት ምግብ ነው። የተልባው ሙጫም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ ጾሙ ራሱ በደም ላይ ምን ያደርጋል? በ2003 እ.ኤ.አ. ቀርጤስ ደሴት ላይ የኦርቶዶክስ ጾምን የሚጾሙና የማይጾሙ 120 ሰዎችን ዓመቱን ሙሉ የተከታተለ ጥናት ታትሟል። በጾሙ ማብቂያ የጾመኞቹ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 12 በመቶ ያህል፣ ኤል ዲ ኤላቸው ደግሞ 16 በመቶ ያህል ቀንሶ ነበር። ከዚያ በላይ እንዳይወርድ ያደረገው ጉበት የሚሠራው ኮሌስትሮል ነው።

የሚረጋው ዘይት

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ታኅሣሥ ላይ ማለዳ ሱቅ የገባ ሰው መደርደሪያው ላይ ያለው የፓልም ዘይት ጀሪካን ውስጡ ነጣ ብሎ ረግቶ ያገኘዋል። ከጎኑ ያለው የኑግ ዘይት ግን እንደጠቆረ ይፈስሳል። ብዙ ሰው የረጋውን አይቶ «ይኼ ኮሌስትሮል አለው» ይላል። ጀሪካኑ ላይ ደግሞ «ኮሌስትሮል የሌለው» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ገዢው ማንን ይመን?

ጽሑፉ እውነት ነው። ፓልም የዕፅዋት ዘይት ነው፤ ኮሌስትሮል የለውም። ያ ጽሑፍ ግን ለማንኛውም የዕፅዋት ዘይት እውነት ስለሆነ ምንም አይነግረንም። የገዢውም ጥርጣሬ በሌላ ምክንያት ትክክል ነው። ዘይቱ የረጋው ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ስለሆነ ነው፤ ሐኪሞች ሳቹሬትድ የሚሉት ይኸው ነው። ይህ ስብ ራሱ ኮሌስትሮል ባይሆንም ጉበት ላይ ሲደርስ የአውራጆቹን ቁጥር ይቀንሳል። መኪኖቹ ቆመው ይውላሉ። ቅቤም የሚረጋ ስቡ ከግማሽ በላይ ስለሆነ ከራሱ ኮሌስትሮል ይልቅ የሚጎዳው በዚህ በኩል ነው። የኑግ ዘይት ደግሞ ከመቶ 70 በላይ ሊኖሌይክ የሚባል የማይረጋ ስብ ነው፤ በሚረጋው ፋንታ ሲበላ አውራጆቹ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ይህን ሳውቅ በጣም የማዝነው ድሃው ላይ ነው። በቅናሽ ዋጋ በሸማቾች ማኅበር በኩል ሲከፋፈል የኖረው በአብዛኛው የሚረጋው ዘይት ነው፤ ደጋው የሚያበቅለው ኑግ ደግሞ ዋጋው እየናረ ከአብቃዩ ማዕድ እየራቀ ነው። በጾም ወቅት ከቅቤ ርቆ ሁሉን ነገር በፓልም የሚጠብስ ቤተሰብ ኮሌስትሮል አልበላም፤ አውራጆቹን ግን አስቀምጧል።

ከደጋው ሲወጡ

በ2015 እ.ኤ.አ. በመላ ኢትዮጵያ በተካሄደ የጤና ዳሰሳ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ አዋቂዎች ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ። ከግማሽ የሚበልጡት ግን ኤች ዲ ኤላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ስብ ያነሰበትና እህል የበዛበት ምግብ ኤች ዲ ኤልንም ዝቅ ማድረጉ የታወቀ ነው። ይህን ውጤት ይዞ የሚደነግጥ ሰው ቢኖር አንድ ታሪክ ይስማ፤ ኤች ዲ ኤልን በመድኃኒት ከፍ ለማድረግ የተሠራው ቶርሴትራፒብ ቁጥሩን ከፍ ሲያደርግ ሞትን ግን ስለጨመረ ሙከራው በ2006 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል። በተመላሽ መኪኖች ብዛት ብቻ የመንገዱን ጤና መፍረድ አይቻልም።

ከጎንደር አካባቢ መንደሮች በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. ዘመቻዎች ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ የደም ኮሌስትሮላቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ እዚያ በቆዩ ቁጥር ከፍ እያለ ሄደ። ጂናቸው አልተለወጠም። የተለወጠው ማዕዱ፣ እርሻው፣ የሚሄዱበት መንገድ ርዝመትም ነው። ከጋይንት ወጥቶ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ሰውም ጉዳዩ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ምግብን ማስተካከል ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። አኪራ ኤንዶ የተባሉ ጃፓናዊ ሳይንቲስት በ1973 እ.ኤ.አ. ከሻጋታ ውስጥ ያንን ፍጥነት ወሳኝ ኤንዛይም የሚያግድ ንጥረ ነገር አገኙ። ዛሬ አቶርቫስታቲንና ሲምቫስታቲን በሚል ስም በመድኃኒት ቤቶች የሚሸጡት ስታቲኖች የዚያ ልጆች ናቸው። መድኃኒቱ ምርቱን ሲያግድበት ጉበት ያጥረዋል፤ ሲያጥረው አውራጆችን ያበዛል፤ ኤል ዲ ኤል ከመንገዱ ይነሣል። ለዚህ ነው «እኔ ጿሚ ነኝ፣ ቅቤም አልነካ፣ ለምን ኪኒን ታዘዘልኝ?» ለሚል ሰው ሐኪሙ ትክክል ሊሆን የሚችለው። በቤተሰቡ ውስጥ ወንድ ከ55፣ ሴት ከ65 ዓመት በታች በልብ ሕመም የሞተበት ሰው፣ ወይም ተረከዙ ጅማት ላይ ጠጠር ያለ እብጠት ያየ ሰው የሁዳዴን ማለቅ ሳይጠብቅ ሊመረመር ይገባል፤ ልጆቹንም አብሮ ይውሰዳቸው።